ሳይቀላ የሚያቃጥል

አማርኛ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ስም ሰጥቷል። ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ነው፤ በመኪና ባትሪ ሆድ ውስጥ ያለው ከባድ ግራጫ ብረትም እርሳስ ነው። በተማሪው እርሳስ ውስጥ ግን ቅንጣት እርሳስ የለም፤ ያለው ግራፋይት ነው፣ የከሰል ወገን። ስሕተቱ የአማርኛ ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ16ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ አገር ቦሮውዴል በተባለ ስፍራ ንጹሕ ግራፋይት ሲገኝ፣ ያገኙት ሰዎች የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ስለነበር ስሙ በሌሎች ቋንቋዎችም ላይ ተለጥፎ ቀረ።

እውነተኛው እርሳስ ወደ ጽሕፈት የገባው በማተሚያ ቤት በር ነው። የማተሚያ ፊደል ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራ የኖረው ከእርሳስ፣ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ቅይጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 የኮሎኙ ሊቅ ዮሐንስ ፖትከን በሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ግእዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን ሲያሳትምም፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲቋቋምም፣ ፊደል ማለት ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰና የረጋ ብረት ነበር። የአማርኛው ገበታ 33 ቤት በ7 መልክ ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ገና አልተጨመሩም። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቅርጽ አለው፤ በእያንዳንዱ ቅርጽ ውስጥም ቅይጡ ሳይረጋ እስከ ጥጉ መድረስ አለበት። ሁን ከሀ የምትለያት ከጎኗ የወጣች አንዲት ቅጥያ ናት። ብረቱ ሲፈስስ ቀዝቀዝ ካለ ያቺ ቅጥያ ሳትሞላ ትቀራለች፤ ሁ ተብሎ የተጀመረው ሀ ሆኖ ይወጣል። የሙቀት ጉድለት ንባብ ይለውጣል ማለት ነው።

ታዲያ የቀለጠ እርሳስ ግለቱ ስንት እንደ ደረሰ በምን ይታወቃል?

ብረት ቀጥቃጭ ይህ ጭንቀት የለበትም። ወናፉን እያስነፋ ብረቱን ያያል፤ መጀመሪያ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ቀጥሎ ፍም፣ ቀጥሎ ብርቱካን፣ ኋላ ቢጫ። መቼ እንደሚመታው ቀለሙ ይነግረዋል። ጆን ዊልያም ድሬፐር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1847 እንዳሳየው፣ ጠጣር ነገር ሁሉ፣ ብረትም ይሁን ድንጋይ፣ በጨለማ ውስጥ እንኳ ለዓይን መቅላት የሚጀምረው 525 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። እርሳስ ግን በ327.5 ዲግሪ ይቀልጣል። ንጹሑንም ሆነ ጥቂት ቆርቆሮ የተቀላቀለበትን እርሳስ ቅርጽ ውስጥ ለመቅዳት የሚፈለገው ግለት አብዛኛውን ጊዜ ከ370 እስከ 400 ነው። እንግዲህ መላው የእርሳስ ሥራ የሚከናወነው ዓይን ምንም በማያይበት ክልል ውስጥ ነው። በላዩ የሰፈረው ገፈት ሲጠረግ በ340 ዲግሪ ያለውም በ450 ዲግሪ ያለውም እርሳስ እንደ መስተዋት ያበራል። ሁለቱም ጸጥ ብለው ተኝተዋል፤ አይንፈቀፈቁም፣ አይፍለቀለቁም፣ አይቀሉም። የእርሳስ እሳት ሳይቀላ የሚያቃጥል እሳት ነው።

ድስቱ ቀላ ማለት ደግሞ አስቀድሞ ረፍዷል ማለት ነው። እርሳስ በጋለ ቁጥር የሚያወጣው የማይታይ ጢስ ይበዛል፤ የሙያ ደኅንነት መመሪያዎች 500 ዲግሪን እንደ ወሰን የሚያዩት ለዚህ ነው። ዓይን «ጋለ» ብሎ የሚመሰክረው ወሰኑ ከታለፈ በኋላ ነው። ወደ ሰውነት የገባ እርሳስ በአጥንት ውስጥ ካልሲየምን መስሎ ለዓመታት ይቀመጣል፤ በሕፃን አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት «ይህን ያህሉ አይጎዳም» ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

የቀድሞ ባለሙያዎች ዓይናቸው እንደማይረዳቸው ያውቁ ነበርና ሌላ ምስክር ፈለጉ። የሞተር ተሸካሚ ኩሽኔታ በቅይጥ የሚያፈስሱ መካኒኮች የጥድ እንጨት ስንጥር ወደ ድስቱ ይነክራሉ። ስንጥሩ ምንም ካልሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ሆኖ ከጠቆረ ደርሷል፤ እሳት ከያዘ አልፏል። ይህ ብልኃት ሊናቅ አይገባውም። ስንጥሩ መለኪያ ነው፤ ሦስት ቁጥሮች ብቻ ያሉት መለኪያ። ጉድለቱ የሚናገረው ሲጠየቅ ብቻ መሆኑ ነው። ሠራተኛው ፊቱን ባዞረባት ደቂቃ ድስቱ መጋሉን ይቀጥላል፤ ስንጥሩም ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ዝም ይላል።

ዛሬ ለቤት ውስጥ ሥራ የሚሸጡ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ማቅለጫ ድስቶች ከስንጥሩ ብዙም አልራቁም። ጎናቸው ላይ መዞሪያ አለ፤ በመዞሪያው ዙሪያ ከ1 እስከ 9 ወይም 10 ተጽፏል። 6 ማለት ስንት ዲግሪ ነው? ማንም አያውቅም። ድስቱ ሲሞላ አንድ ነገር ነው፣ ሲጎድል ሌላ፤ በክረምት አንድ፣ በበጋ ሌላ። ውስጡ ያለው ሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀበት ቅጠል ነው፤ ሲሞቅ ይጎብጥና ይቋረጣል፣ ሲበርድ ይቃናና ይገናኛል። በመቋረጡና በመገናኘቱ መካከል ብዙ ዲግሪ ይወጣል፣ ይወርዳል። መለኪያ የሌለው ቁጥር ጌጥ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ ራሱ የሚያቀብለው ቃል አለ፤ «ልክ»። «ልክ ነው» ሲባል እውነት ነው ማለት ነው። «ልኩ ስንት ነው?» ሲባል መጠኑ እየተጠየቀ ነው። «ልኩን አያውቅም» ሲባል ወሰኑን ያለፈ ሰው እየተነቀፈ ነው። እውነት፣ መጠንና ወሰን በአንድ ቃል አድረዋል። ከዚያም ሁለት ግሦች ይከተሉታል። ልብስ ሰፊ «ልክ ይወስዳል»፤ አስቸጋሪን ሰው «ልክ የሚያስገባ» ይገኛል። ልክ መውሰድና ልክ ማስገባት። ስለ ሙቀት መቆጣጠሪያ የሚባለው ሁሉ ከነዚህ ሁለት ግሦች አይወጣም፤ ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ቅደም ተከተላቸው ነው። ልክ ሳይወስድ ልክ ሊያስገባ የሚነሣ እሳትም ሆነ ሹም ጉልበት እንጂ ቁጥጥር የለውም። አንዴ ወስዶ የሚያቆምም ያው ነው፤ የለካው ነገር ዞር ሲል ተለውጧልና።

ይህን በመሣሪያ ከፈጸሙት ቀደምት ሰዎች አንዱ የሆላንዱ ኮርኔሊስ ድሬብል ነው። እ.ኤ.አ. በ1620 አካባቢ እንግሊዝ አገር ተቀምጦ እንቁላል የሚያስፈለፍል ምድጃ ሠራ። በምድጃው ውስጥ አልኮልና ሜርኩሪ የያዘ ብልቃጥ አለ፤ ሲሞቅ አልኮሉ ይለጠጣል፣ ሜርኩሪውን ይገፋል፣ ሜርኩሪው ዘንግ ያነሣል፣ ዘንጉ የአየር መግቢያውን ይዘጋል፣ እሳቱም ይደክማል። ሲበርድ ሁሉም ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚያስደንቀው ብልቃጡ አይደለም፤ መንገዱ ክብ መሆኑ ነው። እሳቱ ብልቃጡን ያሞቃል፣ ብልቃጡ እሳቱን ያዝዛል። እሳት ስለ ራሱ የተጠየቀውን መልሶ በራሱ መልስ ሲገዛ ይኸው የመጀመሪያው ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ከድሬብል እስከ ዛሬ አራት መቶ ዓመት አለፈ፤ ክቡ ግን አልተለወጠም። የተለወጠው ዋጋው ነው። ትናንት በትልልቅ ፋብሪካ ግድግዳ ላይ ብቻ ይታይ የነበረ መቆጣጠሪያ ዛሬ ስፋቱም ቁመቱም 48 ሚሊሜትር ሆኖ ከነተጓዳኞቹ ከጥቂት አሥር ዶላር በማይበልጥ ወጪ ይገኛል። ዓሣ አጥማጁ የመረብ ክብደት፣ የመስታወት ሠሪው መጋጠሚያ ዘንግ፣ የእጅ ማተሚያ ወዳዱ ፊደል የሚቀዳበትን ድስት ልክ የሚያስገባ ሳጥን በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሊገጥም ይችላል። ሳጥኑን ከፈት አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ ነገሩ ያለው ከውስጥ ነውና።

መጀመሪያ ዓይኑ፤ ቴርሞካፕል ይባላል። ሁለት የተለያዩ ቅይጥ ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ የተበየዱበት ዘንግ ነው። ጀርመናዊው ቶማስ ዮሐን ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 እንዳገኘው፣ ሁለት የተለያዩ ብረቶች ተገናኝተው አንዱ ጫፍ ሲሞቅ ሌላው ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ ያፈልቃሉ። ኬ የተባለው የተለመደው ዓይነት ለእያንዳንዱ ዲግሪ የሚሰጠው 41 ማይክሮቮልት ያህል ነው፤ በ400 ዲግሪ የሚያወጣው ሁሉ ተደምሮ 16.4 ሚሊቮልት ነው። ከአንድ ተራ የድንጋይ ባትሪ መቶኛ እጅ መሆኑ ነው። በዚህች ሹክሹክታ ላይ ተመርኩዞ ነው መላው ሳጥን የሚፈርደው።

ስለዚህ የሳጥኑ ታሪክ በአመዛኙ የዓይኑ ታሪክ ነው። በአሜሪካ የቀለም ደንብ የኬ ቴርሞካፕል ሁለት ሽቦዎች ቢጫና ቀይ ናቸው፤ ኔጌቲቩ ቀዩ ነው። መኪና ባትሪ ላይ ቀይን ፖዘቲቭ ብሎ ያደገ እጅ ያለ ጥርጥር ገልብጦ ያስረዋል። ያኔ የሚሆነው አስፈሪ ነው፤ ድስቱ በጋለ ቁጥር ማሳያው ላይ ያለው ቁጥር ይወርዳል። መቆጣጠሪያው ቁጥሩ ሲወርድ ያያል፣ «በረደ» ብሎ ይፈርዳል፣ እሳት ይጨምራል፤ እሳት ሲጨምር ቁጥሩ ይባስ ይወርዳል። ማሽኑ አልተበላሸም። ሕጉን ሳያዛንፍ እየፈጸመ ነው። የተገለበጠ ምስክር ይዞ በቅንነት ወደ ጥፋት ይሮጣል።

ሌላም አለ። አንድ ሰው ገፈቱን ሲጠርግ ዘንጉን በክንዱ ገፍቶ ከድስቱ ያወጣዋል። ዓይኑ አሁን የሚያየው የክፍሉን አየር ነው፤ 25፣ 24። መቆጣጠሪያው የማያውቀው ነገር ቢኖር ዓይኑ ከቦታው መነሣቱን ነው። ለእርሱ ዓለም ማለት ያቺ ጫፍ የነካችው ነገር ናት። ሙሉ ኃይሉን ይለቅቃል፤ ባዶ አየር 380 ዲግሪ እስኪሆን ይጠብቃል፣ እርሳሱም በዚያ ጊዜ ውስጥ ወዴት እንደሚደርስ ግልጽ ነው። ዘንጉን በማያላውስ ማሠሪያ ከድስቱ ከንፈር ጋር ማጥበቅ የሁለት ብሎን ሥራ ነው፤ ግን ከሳጥኑ ክፍሎች ሁሉ የሚበልጥ ክፍል ነው።

ቀጥሎ እጁ። 1,000 ዋት የሚስብ ድስት በ220 ቮልት ላይ አራት አምፔር ተኩል ያህል ይወስዳል፤ ይህን ማብራትና ማጥፋት የሚችለው ሶሊድ ስቴት ሪሌይ የሚባለው ነው። በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ድምፅ የለውም፣ አያልቅም። የኤሌክትሪኩ ሞገድ ዜሮን ሲነካ ብቻ የሚያበራው ዓይነት በሰከንድ 100 ጊዜ ዕድል ያገኛል። መቆጣጠሪያው በየሁለት ሰከንዱ ከ200 ግማሽ ሞገዶች 60ውን አሳልፎ 140ውን ሲከለክል ድስቱ 30 በመቶ ኃይል አገኘ ማለት ነው። ሲሠራ በየአምፔሩ አንድ ዋት ገደማ ሙቀት ስለሚያወጣ ከአልሙኒየም የሙቀት ማስወገጃ ጋር መታሠር አለበት፤ እንጂ ይሞታል።

አሟሟቱ ደግሞ መጥፎ ነው። ሶሊድ ስቴት ሪሌይ ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ተቋርጦ ሳይሆን ተገናኝቶ ነው። መቆጣጠሪያው «አጥፋ» ይላል፤ ትንሿ መብራትም ትጠፋለች፤ ኤሌክትሪኩ ግን ይፈሳል። ርካሽ ዕቃ ላይ የተጻፈው የአምፔር ቁጥር ሁልጊዜ እውነት አይደለምና ይህ አልፎ አልፎ የሚመጣ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ልባም ሠሪ በመስመሩ ላይ ሁለተኛ ዘብ ያቆማል፤ ድስቱ ከተወሰነ ግለት ሲያልፍ ማንንም ሳይጠይቅ መስመሩን የሚቆርጥ ሌላ መሣሪያ፣ ወይም ቢያንስ በእጅ የሚጠፋ ብሬከር፣ ከብረት ሳጥኑ ጋር የተያያዘ የመሬት ሽቦም። ይህ ዘብ ከመጀመሪያው ዓይንም ከመጀመሪያው እጅም ጋር መዛመድ የለበትም። ርካሽ ሳጥን መሥራት ማለት ይህን ቆርጦ መጣል ከሆነ ርካሽነቱ ይቅር።

ከዓይንና ከእጅ መካከል ያለው አሳቢው ነው። ፒአይዲ ይባላል፤ ታሪኩም ከመሣሪያ ይልቅ ከሰው ይጀምራል። ኒኮላስ ሚኖርስኪ የተባለ በሩሲያ የተወለደ መሐንዲስ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብን በራሱ የሚመራ መሣሪያ ሲያስብ፣ መሪ የሚይዙ ልምድ ያላቸውን መርከበኞች አጠና። እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው ጽሑፍ የያዘው ግኝት ይህ ነው፤ ጎበዝ መርከበኛ መሪውን የሚያዞረው መርከቡ አሁን ምን ያህል ከመስመር እንደ ወጣ ብቻ አይቶ አይደለም። ምን ያህል ጊዜ ወጥቶ እንደ ቆየም ያስታውሳል፤ በምን ፍጥነት እየዞረ እንዳለም ይመለከታል። ሚኖርስኪ ይህን በሒሳብ ጻፈው። መሣሪያው «ኒው ሜክሲኮ» በተባለ የጦር መርከብ ላይ ተፈተነ። ዛሬ እርሳስ ድስት ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ሣጥን የምታስበው እነዚያ ስማቸው ያልተመዘገበ መርከበኞች ባሰቡበት መንገድ ነው።

ሦስቱን አስተሳሰቦች በእርሳስ ላይ ማየት ይቻላል። የተፈለገው 380 ነው እንበል። የመጀመሪያው አሁንን ብቻ ያያል፤ ጉድለቱ ሲበዛ ብዙ፣ ሲያንስ ጥቂት ይሰጣል። ነገር ግን ብቻውን ከተተወ 380 አይደርስም። ድስቱ ሁልጊዜ ሙቀት ስለሚያባክን ያንን የሚተካ ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህ አሳቢ ግን ጉድለት ከሌለ ምንም አይሰጥም። ስለዚህ 370 አካባቢ ላይ ትንሽ ጎድሎ ይኖራል፣ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አይልም። ሁለተኛው ያለፈውን ይይዛል። የአሥር ዲግሪዋን ጉድለት በየሰከንዱ እየደመረ «ይህ ነገር ቆየ» ይላል፣ ቀስ እያለም ኃይሉን ይጨምራል፤ 380 የሚደረሰው በእርሱ ነው። ሦስተኛው የሚመጣውን ይጠረጥራል፤ ቁጥሩ ገና ሳይደርስ ፍጥነቱን አይቶ አስቀድሞ ልጓም ይስባል።

ሁለተኛው አሳቢ ቂመኛ ነው። ቂሙ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ ጉድለት አይጠፋም። ነገር ግን እርሳስ ራሱ ይህን ቂም ከልክ የሚያሳልፍ ጠባይ አለው። አሥር ኪሎ እርሳስ ከክፍል ሙቀት እስከ መቅለጫው ለማድረስ 400 ኪሎጁል ያህል ይበላል። 327 ሲደርስ ቁጥሩ ይቆማል። እሳቱ ይገባል፣ ቁጥሩ አይነቃነቅም። ብረቱ የሚቀበለውን ሙቀት ሁሉ ከመሞቅ ይልቅ ለመቅለጥ ያውለዋል፤ ለዚህም ሌላ 230 ኪሎጁል ይፈልጋል፤ ለ1,000 ዋት ማሞቂያ ምንም ሳይባክን እንኳ አራት ደቂቃ የሚጠጋ። በእነዚያ ደቂቃዎች ቂመኛው ሲደምር ይቆያል፤ 53 ጎደለ፣ አሁንም 53፣ አሁንም 53። በመጨረሻ የቀረው ቁራጭ ሲቀልጥ ቁጥሩ ይፈታል፤ 340፣ 360፣ 380፤ የተጠራቀመው ቂም ግን ገና አልወጣምና 400ን፣ 420ን አልፎ ይሄዳል። መሐንዲሶች ለዚህ መድኃኒት አላቸው፤ ጉድለቱ ትልቅ በሆነ ጊዜ ደማሪውን ዝም ማሰኘት። ቁጥሩ ወደ ተፈለገው ሲጠጋ ብቻ መቁጠር ይጀምራል።

ይህችን አራት ደቂቃ አስተውሎ ማየት ለአሳቢ ሰው ብዙ ነገር አላት። ከውጭ ሲታይ ምንም የለም። ከውስጥ ግን የነገሩ ሁኔታ ከሥሩ እየተለወጠ ነው፤ ጠጣር የነበረው ፈሳሽ እየሆነ። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ «ቆሟል» ይላል፤ ተበሳጭቶም ይጨምርበታል። ትዕግሥት እዚህ ላይ የጠባይ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቁጥሩ የማያሳየው ሥራ እንዳለ የማወቅ ጉዳይ ነው።

አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ማሽኑ ይህን ሁሉ ካወቀ የእጅ ዕውቀት ምን ሊሆን ነው? መልሱን እናቶች ምጣድ አጠገብ ሰጥተውታል። በአገር ቤት የሚሠራው የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛው ማብሪያና ማጥፊያ እንጂ የዲግሪ መለኪያ የለውም። ጋጋሪዋ ግን ምጣዱን አስሳ፣ ሊጡን አዙራ፣ ዓይኑ እንዴት እንደሚወጣ ታያለች። ምጣዱ ካልጋለ ዓይን አይወጣም፤ ከልክ በላይ ከጋለ ዓይኑ ሳይጠና ሥሩ ያርራል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ልክ መውሰጃ ናት፤ በሁለተኛዋ ታስተካክላለች፤ ሦስተኛዋን ስትጋግር ምጣዱ እየጋለ መሄዱን ቆጥራ ቀድማ ታጠፋለች። አሁን፣ ያለፈው፣ የሚመጣው፤ ሚኖርስኪ በመርከበኞቹ ላይ ያየው ሁሉ በአንዲት ጋጋሪ እጅ አለ። እንጀራ ግን ለሰው ይመሰክራል፤ ዓይኑን ያሳያል፣ ሽታው ይጣራል፣ ቢበላሽም የሚጠፋው ሊጥ ነው። እርሳስ ምልክቱን ደብቆ ይጎዳል። ስለዚህ መለኪያውን የእጅ ጠላት አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። እጅ በማይደርስበት፣ ዓይን በማያይበት ቦታ የሰውን ዕውቀት የሚያራዝም ነገር ነው። ቅርጹ ምን ያህል መሞቅ እንዳለበት፣ ጽዋው በምን ፍጥነት እንደሚዘነበል፣ ገፈቱ መቼ እንደሚጠረግ አሁንም የሚያውቀው እጅ ነው።

ሆኖም ስለዚህ ሳጥን እውነቱን የሚጽፍ ሰው ከሳጥኑ ውጭ ያለውንም መጻፍ አለበት። በዳካር ዳርቻ ቲያሮይ ሱር ሜር በተባለ ሰፈር ነዋሪዎች የመኪና ባትሪ ከሚሰበርበት አሸዋ ውስጥ እርሳስ እያበጠሩ ይሸጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ማብቂያ እስከ 2008 መግቢያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። ኬንያዊቷ ፊሊስ ኦሚዶ በሞምባሳ አጠገብ በሚገኝ የእርሳስ ማቅለጫ ተቀጥራ ስትሠራ ሕፃን ልጇ በእርሳስ መመረዙን ደረሰችበት። ሥራዋን ትታ ለመንደሩ ቆመች፤ ማቅለጫው ተዘጋ፣ እርሷም እ.ኤ.አ. በ2015 የጎልድማን የአካባቢ ሽልማት ተሰጣት። እነዚህን ልጆች የመረዘው እርሳስ በአብዛኛው በአቧራ፣ በአፈርና በጢስ የመጣ ነው። 48 ሚሊሜትር መቆጣጠሪያ አያድናቸውም ነበር። የድስት ግለት ልክ ሲገባ ጢሱ ይቀንሳል፤ ገፈቱ ግን ያው መርዝ ነው፣ እጅ ላይ የቀረው ያው ነው፣ በሥራ ልብስ ወደ ቤት የገባው አቧራ ያው ነው።

ግን ዘዴው አንድ ነው፤ መጀመሪያ ልክ መውሰድ። የሰው ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ይለካል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም ከተገኘ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። በእርሳስ አጠገብ የሚኖር ልጅ ደሙ ካልተለካ፣ እንደዚያ ሳይቀላ እንደሚግለው ድስት ነው፤ ምልክቱ ሲታይ ወሰኑ ከታለፈ ቆይቷል። ርካሽ መለኪያ ትልቅ ነገር የሚሆነው ለዚህ ነው። መለኪያ ውድ በሆነበት ዘመን ልኩን የሚያውቀው ባለ ፋብሪካው ብቻ ነበር፤ ሠራተኛው የሚያውቀው በገላው ነበር። መለኪያ ሲረክስ ዕውቀቱ ድስቱ አጠገብ ወደ ቆመው ሰው ይወርዳል። ይህ መብት ነው፤ ልመና ሊሆን አይገባም።

ሳጥኑን ለመሥራት ለሚነሣ አንባቢ የቀረው ቃል ይህ ነው። ሥራው አየር በሚገባበትና በሚወጣበት ቦታ ይሁን፤ ልጆች አይድረሱበት፤ ውሃ ጠብታ እንኳ ወደ ቀለጠ እርሳስ እንዳይገባ፣ ገብቶ በቅጽበት እንፋሎት ሲሆን ብረቱን ይረጨዋልና። ከመብላት በፊት እጅ ይታጠብ፤ የሥራ ልብስ ከቤት ልብስ ጋር አይታጠብ። ሳጥኑ ሲያልቅም ማሳያው የሚለውን እንዲሁ አትመኑ። ምስክር የሚሆን ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ እርሳሱ ራሱ ይመሰክራል። ምንም ያልተቀላቀለበት ንጹሕ እርሳስ አቅልጡ፣ ዘንጉን በብረቱ መካከል አድርጋችሁ አሥሩት፣ ኤሌክትሪኩን አጥፉና ቁጥሩን ተመልከቱ። 350፣ 340፣ 332 እያለ ይወርዳል። ከዚያ ብረቱ መርጋት ሲጀምር ቁጥሩ መቆም አለበት፤ የሚቆመውም 327 ላይ ነው። የእናንተ 335 ላይ ከቆመ ሳጥናችሁ ስምንት ዲግሪ ይዋሻል፤ በመቆጣጠሪያው ማስተካከያ ስምንቱን ቀንሱለት። ቁጥሩ መውረዱን ትቶ ሽቅብ ከወጣ ግን ሽቦው ተገልብጧል፤ ድስቱን ዳግም ከማብራታችሁ በፊት ቀዩን ወደ ኔጌቲቩ መልሱት።